ቢወድቅ ብቻህን ታነሳዋለህ?

እኛ ቡሬ ስናድግ ትልቅ ሞተር የሚነዳው ፈረንጅ ብቻ ነበር። በመተማ ገብተው በጎንደርና በባሕር ዳር አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወርዱ መንገደኞች ናቸው። ግራና ቀኝ የአልሙኒየም ሳጥን ጭነው፣ አቧራ ለብሰው ይመጣሉ፤ ሻይ ለመጠጣት ሲወርዱ እግራቸው ይብረከረካል። እኛ ሕፃናቱ ከበን የፍጥነት መቁጠሪያው ላይ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር እንፈልጋለን። ቴድ ሳይመን የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1973 ተነስቶ በ500 ሲሲ ትራያምፍ ዓለምን ሲዞር አገራችንን አቋርጧል፤ በኋላም መጽሐፍ ጽፎበታል። ተዋናዩ ዩዋን ማክግሬገርም እ.ኤ.አ. በ2007 ከጓደኛው ጋር ከስኮትላንድ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በቢኤምደብሊው ሲወርድ በእኛው አገር አልፏል፤ ፊልም ሠርተውበታል። ይህን እያየና እየሰማ ያደገ ልጅ ምን ይመኛል? ተመኘሁ፤ ዕድሜም ገንዘብም ሲፈቅድ ገዛሁ። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ታዲያ አዲሱን ሞተር ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ አገሬ ወጣሁ።

ከአዲስ አበባ ቡሬ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍቼ ድረስ ብዙ የሚወራ የለውም። ወሬው የሚጀምረው ጎሃ ጽዮን ላይ ነው። ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተህ አንድ ሺህ ሜትር አካባቢ ድረስ ትወርድና፣ ደጀን ለመድረስ የወረድከውን ያህል መልሰህ ትወጣለህ፤ ይህ ሁሉ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። አዲስ ሞተር የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር በርጋታ ተነድቶ፣ ዘይቱ ተቀይሮ ነው የሚለቀቀው። የዓባይ በረሃ ግን አዲስ ነው ብሎ አይራራም። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ልውረድ ያለ ሰው ግማሽ ላይ ፍሬኑ ይግልና ይከዳዋል፤ በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘህ ነው የሚወረደው። ከፊትህ ተሳቢ ካለ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ሄልሜትህ ውስጥ ይገባል። አስፋልቱን ደግሞ የመሬት መንሸራተት ከሥር እየገፋ አንድ ቦታ አሳብጦታል፣ ሌላ ቦታ አጉድጉዶታል፤ ኩርባ ላይ ጎማህ ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ መሪውን የያዝከው አንተ አይደለህም።

ታች በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው ድልድይ አለ። እሱን ተሻግረህ ወደ ደጀን ስትወጣ ሌላ ነገር ትማራለህ። ሽቅብ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ደጀን ከፍታ ላይ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ካታሎጉ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የባሕር ዳርቻ ሰው ጉልበት ነው። (ይህን የሚነግርህ ሻጭ አላጋጠመኝም።)

ከዚያ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም። ወሩ ታኅሣሥ ስለነበር ከፍኖተ ሰላም ወዲያ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቷል። ሄልሜት ውስጥ ማስነጠስ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፤ ማንኩሳን ያለፍኩት በእንባ ነው።

ቡሬ ስደርስ ሞተሩን በመጀመሪያ ያሳየሁት ለአጎቴ ነው። ጋሼ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ያለቀው በቡሬና በወምበርማ ገጠር ሞተር ላይ ነው። ዙሪያውን ዞሩት። ዋጋውንም ሲሲውንም አልጠየቁም። ጎንበስ ብለው የኋላውን ጎማ አዩና ቀና አሉ።

«ቢወድቅ ብቻህን ታነሳዋለህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ከነነዳጁ 250 ኪሎ ነው!»

«እንግዲያ ሰው ባለበት ብቻ ነዋ የምትነዳው።»

እሳቸው የነዱት ያማሃ ኤጂ 100 ነው፤ ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ መቶ ኪሎ ገደማ የሚመዝን። ካቴናው ጭቃ እንዳይበላው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። ማቆሚያው በግራም በቀኝም ነው፤ ተዳፋት ላይ በፈለግከው ጎን ታቆመዋለህ። ፖርቶመጋላው ከፊትም ከኋላም ነው። የጋሼ የክትባት በረዶ ሳጥን ከኋላ በጎማ ገመድ ይታሰራል፤ ከፊት የዝናብ ልብስና የፕላስቲክ ጫማ። ሐምሌ ላይ የቡሬ ቀይ አፈር ሲርስ ሳሙና ነው፤ በቀን ስንቴ እንደሚወድቁ አይቆጥሩትም ነበር። ወንዝ ከሞላ ደግሞ ገበሬዎቹ ሁለት አጣና ከሥሩ አስገብተው፣ ለአራት ተሸክመው ያሻግሩላቸዋል። የእኔን ለአራት ተሸክሞ ፈታምን የሚሻገር ጎበዝ እስቲ ይምጣ!

የጎጃም መንገድ የሚያልፍበትን መርጦ እንደሚያሳልፍ ከዚያ በፊትም ታይቷል። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዙ ዊንጌት ጊዲዮን የተባለውን ጦሩን ይዞ በሱዳን በኩል ሲገባ ስንቅና ጥይቱን የጫነው በብዙ ሺህ ግመሎች ላይ ነበር። የካቲት ላይ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ፤ ዘመቻው ተሳካ። ግመሎቹ ግን ከቆላ ወጥተው ደጋውን አልቻሉም፤ አብዛኞቹ በየመንገዱ አለቁ። ግመል በአገሩ የጭነት ንጉሥ ነው። እዚህ በቅሎ የሚበጅ መሆኑን ለማወቅ የዳሞትን ገበሬ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ስለ ሞተር ጉዞ መጽሐፉን የጻፉት፣ ፊልሙን የሠሩት የሚያልፉት ናቸው። የእኛዎቹ ባለሞተሮች፣ ከብት ሐኪሙ፣ ክትባት ሰጪው፣ የግብርና ባለሙያው፣ ስንት ክረምት ሲመላለሱበት ኖረው ማንም ተጓዥ ብሎ አልጠራቸውም። በእኔ ግምት ከነዚያ ባለ ሳጥን ፈረንጆች የባሰ መንገድ ነድተዋል፤ ለዚያውም ማታ የውሎ አበል ፎርም እየሞሉ።

ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሳው ጦርነት ያ መንገድ ለሽርሽር የሚወጣበት አልሆነም። ሱዳንም ስለተዘጋ ከካይሮ ኬፕታውን የሚሉት በዚያ አይመጡም። አዲስ አበባ ራሷም ከ2011 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሞተር አታስነዳም። የጋሼን ሥራ የወረሱት ልጆች ግን ክትባቱን ማድረስ አለባቸው፤ ዛሬ የሚያስጨንቃቸው ጭቃው አይደለም።

ለማንኛውም፣ ሞተር ልግዛ ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ፦ መጀመሪያ ክብደቱን እዩ። የተጣመመ ቸርኬ የቡሬ ጎሚስታ በመዶሻ የሚያቃናው መሆኑን አረጋግጡ። ኮምፒውተሩ ከታመመ የሚያክመው ሰው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለም ጠይቁ። የእኔው ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። ጋሼ በስልክ ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል፤ «ከሸጥከው ወንበሩን ፈተህ ለእኔ አስቀርልኝ» ይላሉ። ወንበሩንስ ወደውታል።