ለባሕር እንግዳ የሚሆን መብራት በሞያሌ

መብራት የቤት ጌጥ ነው የሚለው አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው። ሰው ለእንግዳ መቀበያ ክፍሉ አምፖል ሲመርጥ የሚጠይቀው ብርሃኑ ለዓይን ይስማማ እንደ ሆነ፣ ዋጋውም ከአቅም ያልበለጠ እንደ ሆነ ነው። ኮራል የተባለውን የባሕር ፍጥረት በቤቱ ውስጥ ለማኖር ያሰበ ሰው ግን ይህን ልማድ መተው ይገባዋል፤ ለኮራል መብራት ጌጥ ሳይሆን ቀለብ ነውና።

ነገሩ ወደ ቤታችን የገባው በልጃችን ምክንያት ነው። ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋራ ወደ ዋታሙ ሄዳ፣ ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ ላይ ተቀምጣ፣ ከበታቿ የተዘረጋውን የኮራል መስክ ካየች ወዲህ፣ ከዚያ ዓለም ጥቂቱን በቤታችን ካላኖርን ብላ ያዘችን። ዋታሙና ማሊንዲ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 የባሕር ፓርክ ሆነው የተከለሉ ሥፍራዎች ናቸው። እኛ ግን የምንኖረው በኬንያ ሞያሌ ነው። ከዚህ እስከ ሞምባሳ የባሕር ዳርቻ ያለው የመኪና መንገድ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የባሕር ውሃ ይቅርና የሚጠጣው ውሃ እንኳ በጀሪካን እየተገዛ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ልጅቱ በዚህ አልተበገረችም። በደብተሯ ላይ ሒሳብ ሠርታ አቀረበችልን። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 35 ግራም የሚሆን ጨው ስላለበት፣ 60 ሊትር ለሚይዝ የመስታወት ገንዳ 2 ኪሎ ከ100 ግራም ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይበቃል አለች። የወጥ ቤት ጨው ለዚህ አይሆንም፤ በባሕር ውሃ ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም አይሰጥምና። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን እማማ እያልን የምናከብራቸው አንዲት ጎረቤታችን ወሬውን ሰምተው ኖሮ፣ «ልጆቼ፣ በዚህ አገር ውሃ የሰውና የከብት ነው፤ ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ግን አይቼ አላውቅም» አሉን። አነጋገራቸው ቢያስቀንም፣ ነቀፌታው እውነት ስለ ነበረበት በቀላሉ ልናልፈው አልቻልንም። እንግዲህ መብራቱን የመረጥነው በዚህ ነቀፌታ ሚዛን ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። እነዚህም እንደ አትክልት ቅጠል ብርሃንን ተቀብለው ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ከሚያዘጋጁትም የሚበዛውን ለባለቤቱ ያካፍላሉ፤ እርሱም በፈንታው ማደሪያ ይሰጣቸዋል። ብርሃን ከጎደለ ኮራሉ ቀስ በቀስ በረኀብ ይከሳል። ብርሃኑ ከልክ ሲያልፍ፣ ይልቁንም ከሙቀት ጋራ ሲተባበር፣ ኮራሉ አልጌዎቹን ከሥጋው ያስወጣቸዋል፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ነጥቶ እንደ አጥንት ይሆናል። በ1998 በፈረንጆች አቆጣጠር ባሕሩ ከልማዱ በላይ በሞቀ ጊዜ፣ በኬንያ ዳርቻ ከነበረው ኮራል ብዙው እንዲህ ሆኖ ጠፍቷል። ስለዚህ ኀይለኛ መብራት ሁሉ ጥሩ መብራት ነው ማለት አይቻልም።

የብርሃኑ ቀለምም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ውሃ ቀዩን ብርሃን በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይውጠዋል፤ ሰማያዊው ግን ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። የኮራል አልጌዎችም በይበልጥ የሚጠቀሙበት ይህንኑ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ለሳሎን የምንወደው ቢጫ አምፖል እንግዲህ ለእነርሱ ብዙም አይረባቸውም። በአምፖል መያዣ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ሉመን የተባለው ልክም የሚነግረን የሰው ዓይን ምን ያህል ብርሃን እንደሚያይ ነው። ለኮራል የሚሆነው ልክ ፓር የሚባለው፣ አልጌዎቹ ሊጠቀሙበት የሚችሉትን ብርሃን የሚቆጥረው ነው። ለስላሳ ለሆኑት የኮራል ዓይነቶች ከ50 እስከ 150 ያህል ፓር ሲበቃ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያድጉት ድንጋያማዎቹ ግን ከ200 በላይ ይፈልጋሉ። የቀትር ፀሐይ በባሕሩ ፊት ላይ የሚሰጠው ወደ 2,000 ይጠጋል።

ባለቤታችን ይህን የፀሐይ ቁጥር እንደ ሰማች፣ «ታዲያ ሞያሌ ውስጥ ፀሐይ መቼ ታጣና ነው መብራት የሚገዛው? ገንዳው በመስኮት ሥር ይቀመጥ» አለች። ጥያቄዋ ከንቱ አልነበረም፤ ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከባሕር በወጣ ሕያው አለትና በፀሐይ ብርሃን የባሕር ገንዳ ማቋቋም እንደሚቻል ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ነው። ዳሩ ግን ጃካርታ የባሕር ዳር ከተማ ናት። በእኛ መስኮት የሚገባው ፀሐይ በየካቲትና በመጋቢት 60 ሊትር ውሃን በጥቂት ሰዓት ያሞቀዋል፤ ገንዳው ግን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል መጠበቅ አለበት። በዚህ ላይ ውሃው ይተናል። ሲተን ጨው ስለማይሄድ፣ የጎደለው የሚሞላው በንጹሕ ጣፋጭ ውሃ ነው። የእማማ ነቀፌታ በዚህ ቦታ ተመልሶ መጣብን።

ከመብራት ዓይነቶች መካከል ሜታል ሃላይድ የተባለውን የጣልነው በዚሁ ምክንያት ነው። ብርሃኑ በውሃ ውስጥ እንደ እውነተኛ ፀሐይ ሲንቀሳቀስ ማየት ያስደስታል፤ ለረጅም ጊዜም የኮራል ወዳጆች የሚመኩበት መብራት ነበር። ሆኖም ምጣድ ነው ማለት ይቻላል፤ ውሃውን አሙቆ ያተናል፤ ከዚያም ለማቀዝቀዣ ሌላ ኤሌክትሪክ ያስወጣል። ፍሎረሰንቱ ብርሃኑን ጥላ ሳይጥል እኩል ያሰራጫል፤ እኛም ልንመርጠው ጥቂት ቀርቶን ነበር። ነገር ግን ቱቦው በየዓመቱ ያህል መለወጥ አለበት፤ ከናይሮቢ በአውቶቡስ ተጭኖ ሲመጣ ሊሰበር ይችላል፤ በውስጡም መርዛም የሆነው ሜርኩሪ አለበት። የቀረልን ኤልኢዲ ነበር። ይህ ሙቀቱን ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ጀርባው ብረት ይለቅቃል፤ ሰማያዊውንና ነጩን ለየብቻ ማብዛትና ማሳነስም ይቻላል።

ስንት ዋት ይሁን የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ አከራከረን። በኬንያ በኩል ያለው ሞያሌ ለብዙ ዓመታት የኤሌክትሪክ ኀይል የተገዛለት ከኢትዮጵያ በኩል በተዘረጋ መስመር ነው፤ በዚህም በዚያም ያለን ሰዎች መብራት ሲጠፋ አብረን በጨለማ መቀመጥን እናውቃለን። የአንድ ቀን ጨለማ ኮራልን አይገድለውም፤ በባሕርም ደመና አለ። ሊቆም የማይገባው ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ ፓምፕ ነው፤ ውሃው ከቆመ ፍጥረቱ በሌሊት ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ መብራቱ ባትሪውን ጠጥቶ ፓምፑን የሚያስርብ መሆን የለበትም። በጣሪያችን ላይ ሶላር ነበረን፤ ባትሪውም 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ነው። ይህ 1,200 ዋት ሰዓት ነው፤ ነገር ግን ባትሪው እንዳይጎዳ ከግማሹ በላይ አይወሰድም፤ የምናዘው እንግዲህ 600 ብቻ ሆነ። ፓምፑ 6 ዋት ሲሆን በ24 ሰዓት 144 ይወስዳል። ልጅቱ የወደደችው የ60 ዋት መብራት በቀን 8 ሰዓት ቢበራ 480 ስለሚወስድ፣ ድምሩ ከ600 ያልፋል። የ40 ዋቱ ግን 320 ወስዶ ከፓምፑ ጋራ 464 ይሆናል። በዚህ ምክንያት 40 ዋት ተወሰነ፤ ድንጋያማዎቹ ኮራሎችም ቀርተው ለስላሳዎቹ ተመረጡ። ልጅቱ በዚያ ማታ እራት አልበላችም። በማግሥቱ ግን ሒሳቡን ደግማ ሠርታ ዝም አለች።

ድንጋያማዎቹን ለመተው ሌላም ምክንያት ነበረን። እነርሱ ሳይትስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ ሥር ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር አይቻልም፤ ድንበር በሆነች ከተማ ለሚኖር ሰው ይህን ማወቅ መልካም ነው። ለስላሳዎቹም ቢሆኑ ከባሕር የተነቀሉ ሳይሆኑ በገንዳ ተቆርጠው የተራቡ እንዲሆኑ ጠይቀናል።

መጻሕፍት ስለ መብራት ሲናገሩ አሸንን አያነሡም። ሞያሌ ውስጥ ዝናም በጣለ ማግሥት ማታ፣ ሰማያዊና ነጭ ብርሃን በአካባቢው ያለውን የምስጥ አሸን ሁሉ ይጠራል፤ ክንፉ በውሃው ላይ ሲከመር ውሃው ይበላሻል። መፍትሔው ቀጭን መረብ ነው። መረቡ ከብርሃኑ ጥቂት ስለሚቀንስ መብራቱን በዚያው መጠን ዝቅ አድርገን ሰቀልነው። ቀዩ አቧራም ከጨው ርጭት ጋራ ተዋሕዶ በመብራቱ ፊት ላይ ስለሚጋገር በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ማራገቢያ የሌለውን ዓይነት መምረጣችንም አቧራው ማራገቢያውን ስለሚያንቀው ነው።

ኮራሎቹ ከመጡ በኋላ መብራቱን በአንድ ጊዜ በሙሉ ኀይሉ አላበራነውም፤ ከሢሶው ጀምረን በአራት ሳምንት ውስጥ ከፍ አደረግነው። በቀን የሚተነው ውሃ በጆግ ሲለካ አንድ ሊትር ያህል ሆነ። እማማ መጥተው ጆጉን አዩና፣ «ይህስ የጥቂት ዶሮዎች ድርሻ ነው» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ቡናቸውን የሚጠጡት ፊታቸውን ወደ ገንዳው መልሰው ነው።

መብራቱ የሚበራው ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ለባትሪው የሚሻለው ረፋዱ ነበር፤ ነገር ግን ማታ ቤተ ሰቡ ሲሰበሰብ የማይታይ ከሆነ ለምን ተደከመ? ለኮራሉ ሰዓቱ ሳይዛነፍ መመላለሱ ይበቃዋል። በድንበሩ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ወዳጆቻችን አንዳንድ ጊዜ ከ2 ሰዓት በኋላ መጥተው፣ «ለአንድ ማታ ቢበራ ምን ይጎዳዋል?» ይሉናል። ልጃችን አትፈቅድም። በቀይ ፌስታል የተጠቀለለ የእጅ ባትሪ አምጥታ፣ «ለአንድ ደቂቃ ብቻ፣ ጋሼ፤ አሁን እጆቹን ዘርግቶ የሚበላበት ሰዓት ነው» ትላቸዋለች፤ እነርሱም ኮፍያቸውን አውልቀው ጎንበስ ይላሉ።