ላቴክን ከየት ልጀምር ላላችሁኝ

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት በመጣ ቁጥር ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ይሞላል፦ «መምህር፣ ላቴክ ልማር ወይስ በወርድ ልጨርሰው?»

ማስረከቢያው አንድ ወር ከቀረው በወርድ ጨርሱት። በተለይ አማካሪያችሁ አስተያየታቸውን ወርድ ፋይሉ ላይ የሚጽፉ ከሆነ በዚህ ሰዓት ነገር አትፈልጉ። ገና ፕሮፖዛል ላይ ያላችሁ ግን ዛሬውኑ ጀምሩ።

ለማያውቁት፦ መሠረቱ ቴክ ይባላል። ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1977 የመጽሐፉ አዲስ እትም የሕትመት ናሙና ሲደርሰው አስጠላውና የራሱን ፕሮግራም ለመሥራት ተነሣ። ላቴክን ደግሞ ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ ከዚያ ላይ ገነባው። (የቴክ የስሪት ቁጥር በታደሰ ቁጥር ወደ ፓይ አንድ አሃዝ ይጠጋል፤ 3.141592653 ደርሷል። የሒሳብ ሰው ቀልድ እንዲህ ነው።)

ጥቅሙ የሚታየው ምዕራፍ 2 ላይ አንድ ምስል ጨምሩ ስትባሉ ነው። ወርድም ቁጥሩን ራሱ ማስተካከል ይችላል፣ ግን እውነቱን እንነጋገርና አብዛኛው ተማሪ በእጁ ነው የሚጽፈው። ላቴክ ላይ ለምስሉ በ«ሌብል» ስም ትሰጡታላችሁ፣ በ«ሬፍ» ትጠሩታላችሁ፣ በቃ። መጀመሪያ ኮምፓይል ስታደርጉ በቁጥሩ ቦታ ሁለት የጥያቄ ምልክት ቢመጣ አትደንግጡ፤ ድገሙት።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ስህተቱ ላይ ነው። አንድ ቅንፍ ሳይዘጋ ቢቀር ቀይ በቀይ ይሆናል። የመጀመሪያውን ስህተት ብቻ አንብቡ፣ የመስመር ቁጥሩን ያዙ፣ አስተካክሉና እንደገና ሞክሩ። ብዙ ጊዜ የቀሩት አብረው ይጠፋሉ።

ለመለማመድ ኦቨርሊፍ ይበቃል፤ ምንም መጫን አያስፈልግም። ኔት ሲጠፋ ግን ሥራውም ይቆማል። ስለዚህ ቴክ ላይቭን ሙሉውን ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑ። ብዙ ጊጋባይት ነው፣ ካወረደ ጓደኛ በፍላሽ ውሰዱ። የምትጽፉት ፋይል ራሱ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በጣም ትንሽ ነው፤ ማታ ማታ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት።

አሁን ዋናው፦ «አማርኛ እምቢ አለኝ» እያላችሁ የቃለ መጠይቁን ቃል በላቲን ፊደል የምትጽፉ አላችሁ። እባካችሁ ተዉ! ሰውየው የተናገሩት በአማርኛ ነው፣ በፊደላቸው ይውጣ። እምቢ ያለው ፒዲኤፍላቴክ ነው። ኮምፓይለሩን ወደ ዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ ቀይሩ፣ ፎንትስፔክ የሚባለውን ፓኬጅ ጥሩ፣ ፎንቱን አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ አድርጉት። ይሠራል።

ጽሑፋችሁን በሙሉ በአንዴ አታዛውሩ። መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ ሞክሩ፤ አንድ ርዕስ፣ አንድ ቀመር፣ አንድ ምስል፣ አንድ የአማርኛ አንቀጽ። ካልሄደላችሁ የመጀመሪያውን የስህተት መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉት። ስክሪኑን በስልክ አንስታችሁ የምትልኩልኝ ፎቶ ግን ይቅርብኝ፣ አይነበብም።