የንባብ ድምፅ በልጆች ቤተ መጻሕፍት

«ንባብ» የሚለው ቃል የመጣው «ነበበ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው። «ነበበ» ማለትም ተናገረ፣ ድምፅ አሰማ ማለት ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ስለ ንባብ ሲናገሩ በዐይን ብቻ በጸጥታ የሚከናወን ሥራ ማለታቸው አልነበረም። ፊደሉ በአፍ ተነግሮ፣ በጆሮ ገብቶ፣ ወደ ልቡና የሚወርድበትን መንገድ ማለታቸው ነበር። ይህን ያነሣሁት ሥርወ ቃል ለመመርመር አይደለም። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እየተገኘሁ ባገለገልሁባቸው ሦስት ዓመታት፣ ልጆችን ወደ መጽሐፍ የሚያቀርባቸው ቴክኖሎጂ የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት ከዚሁ ቃል ውስጥ በመሆኑ ነው።

በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሥርዐቱን ያስታውሳል። ሕፃኑ የፊደል ገበታውን ወይም መልእክተ ዮሐንስን ይዞ ይቀመጣል፤ በስንደዶ እያንዳንዱን ፊደል ይነካል፤ የኔታ ድምፁን ይሰጡታል፤ እርሱም ተቀብሎ ይጮኻል። ከቁጥሩ ወደ ግእዝ ንባብ፣ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ እያለ ይወጣል። ተነሺው ከወዳቂው፣ ተጣዩ ከሰያፉ የሚለየው በጽሑፉ ላይ ባለ ምልክት ሳይሆን ከመምህር አፍ በሚሰማው ድምፅ ነው። የኔታ ሁሉን ሕፃን ብቻቸውን ማዳረስ ስለማይችሉም ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስነብባል። ከዚህ ሥርዐት ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል፤ ጣት ፊደሉን ይነካል፣ ዐይን ጣትን ይከተላል፣ ጆሮ ደግሞ ከዚያው ከተነካው ፊደል ጋር የሚሄደውን ድምፅ ይሰማል። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን በቤተ መጻሕፍት በር ላይ የሚለጠፈው የመጀመሪያው ማስታወቂያ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ነው። ማንበብ ለለመደ ሰው ጸጥታ በረከት ነው፤ ማንበብ ላልጀመረ ሕፃን ግን ግድግዳ ነው። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችሉ ቀርተዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ መጻሕፍት በተደረደሩበት ክፍል አስገብቶ ዝም በል ማለት፣ የተራበውን ከተቆለፈ ጎተራ ፊት አስቀምጦ ብላ እንደማለት ነው።

የፊደላችንም ጠባይ ድምፅን የግድ ይላል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ያልፋሉ። ይህን ሁሉ የለየ ልጅ እንኳ ገና ሌላ ዳገት ይጠብቀዋል፤ ይኸውም መጥበቅና መላላት በጽሑፋችን አለመታየቱ ነው። «ዋና» የሚለው ቃል ሲላላ በውኃ ላይ የሚደረገው ነው፤ ሲጠብቅ ግን የሁሉ በላይ፣ አውራ ማለት ይሆናል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ባለሙያ ነው፤ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው ነው። ልጁ ፊደላቱን አንድም ሳያጐድል ጠርቶ ትርጉሙን ሊስት ይችላል። በቤቱ ሌላ ቋንቋ ለሚነገርለት ልጅማ ችግሩ እጥፍ ነው። መፍትሔው ከመጽሐፉ ጋር የሚሄድ፣ ደጋግሞ የማይሰለች የሰው ድምፅ ነው።

ድምፅ የመጽሐፍ ጠላት እንዳልሆነ ሥነ ጽሑፋችን ራሱ ምስክር ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ ማንበብ የሚችለው ሕዝብ ጥቂት ነበር። ኋላ ግን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረው ሳይቀር በየቤቱና በየሻይ ቤቱ ጆሮውን ሰጠ። ትረካው ለመጽሐፉ ፈላጊ አበዛለት እንጂ አላሳጣውም። ዛሬም ብዙ አንባቢ ያንን መጽሐፍ ሲገልጥ የጉዱ ካሣን ንግግር የሚሰማው በወጋየሁ ድምፅ ነው። በ1957 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌቪዥናችንም ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሁላችንም አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ ለአርባ ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ሲነግሩ በመሣሪያው ውስጥ አልፎ የሚደርሰው የአንድ አያት ድምፅ ነበር። ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም በጊዜው አዲስ ቴክኖሎጂ ነበሩ፤ የተወደዱት ግን ባመጡት ድምፅ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ታሪክም አለን። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጭ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ተማሪው አልገባኝም ቢል ስርጭቱ አይቆምለትም፤ መምህሩም በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆነ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ያለ አስተማሪ፣ ለልጆች ታብሌት ታድሎ ነበር። ልጆቹ መሣሪያውን ለመክፈትና ለመልመድ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ የውጭ አገር ጋዜጦችም ስለዚሁ ብዙ ጻፉ። በታብሌቱ ውስጥ የነበረው ፊደል ግን የእንግሊዝኛው ነበር። ስለዚህ ሕፃን መሣሪያ መያዝ ይችላል ወይስ አይችልም ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም፤ ይችላል። መጠየቅ ያለበት መሣሪያው ወደ ምን ያደርሰዋል ተብሎ ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተው፣ ኋላም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ልጆች ሲልኩ፣ ጋሪው ከፕላዝማው ይልቅ ለንባብ የቀረበ ቴክኖሎጂ ነበር። ያመጣው መጽሐፍ ነዋ!

እኔ ያገለገልሁበት ቤተ መጻሕፍት አንዲት የቆርቆሮ ክዳን ክፍል ነበረች። ከመጻሕፍቱ የሚበዙት በእርዳታ የመጡ ወፋፍራም የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ነበሩ፤ የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት ጥቂትና አንዳንድ ቅጂ ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸው ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረችም። መጽሐፍ ቢጠፋ በደመወዟ ትጠየቃለች፤ ስለዚህ ትቆልፋለች። በዚያው ክፍል ጥግ ስምንት ታብሌቶች የያዘ ካርቶን ነበረ። ለንባብ ማበረታቻ ተብሎ የመጣው ይህ ዕቃ በንብረት መዝገብ ከተመዘገበ አንድ ዓመት ቢያልፈውም አልተከፈተም። ምክንያቱ ያው ነበር፤ የፈረመ ይከፍላል።

ሥራውን የጀመርነው በካርቶኑ ሳይሆን በሠራተኛዋ የገዛ ስልክና ከመርካቶ በተገዛች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ልጆች መርጠን አጫጭር የአማርኛ ተረቶችን ጮኽ ብለው እያነበቡ በስልኩ እንዲቀዱ አደረግን። ገጽ ሲገለጥ አንዱ ልጅ ብርጭቆ በማንኪያ ይመታል፤ ታናናሾቹም ያንን ሲሰሙ ይገልጣሉ። መጻሕፍቱ አንዳንድ ቅጂ ስለነበሩ፣ ማንም ያለ ክፍያ እንዲያባዛቸው የተፈቀዱ ተረቶችን ከኢንተርኔት አወረድን። የደቡብ አፍሪካው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች እንዲህ ያሉ የልጆች ታሪኮችን ሲያሰባስብ ቆይቷል፤ አማርኛም ከነዚህ አንዱ ነው። የግእዝ ፊደል በ1992 ዓ.ም. ገደማ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዐት ውስጥ ቦታ ስላገኘም፣ ያወረድነው ጽሑፍ በስልኩም በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተርም ሳይዛባ ተነበበልን። ፊደሉን አጉልተን አተምነው፣ በስቴፕለርም ጠረዝነው።

አንድ ሕግ ብቻ አወጣን፤ መጽሐፍ በእጁ ሳይዝ፣ ጣቱን ከመስመሩ ላይ ሳያኖር ድምፁን የሚሰማ ልጅ አይኖርም። የየኔታ ስንደዶ እንዲህ ሆና ተመለሰች ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ለውጥ የታየው ባልጠበቅንበት፣ በአንባቢዎቹ ታላላቅ ልጆች ዘንድ ነው። አንድ ተረት ያለ ስሕተት ለመቅዳት አራትና አምስት ጊዜ መሞከር ያስፈልጋል። መጽሐፍ ተውሶ የማያውቅ አንድ ልጅ፣ የጅቡን ድምፅ በደንብ ለማውጣት ሲል መጽሐፉን ሦስት ሌሊት ይዞት አደረ። ቃሉ የት እንደሚጠብቅ፣ ዐረፍተ ነገሩ የት እንደሚያርፍ እርስ በርስ ይከራከሩ ጀመር። ክረምቱ ሲቃረብ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ ሥራችንን ያቋርጠን ነበር፤ ዝናብ የገባበትን አንድ ቅጂ ልናጠፋው ስንል ታናናሾቹ ለመኑልን። ከሁሉም ይልቅ ደጋግመው የሰሙት ያንን ነው።

ከታናናሾቹ መካከል አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። በቤቷ የሚነገረው ሌላ ቋንቋ ነው። በክፍል ውስጥ አንብቢ ስትባል አንገቷን ደፍታ ትቆማለች፤ ዓመቱን ትድገም የሚል ሐሳብም ቀርቦባት ነበር። ይህች ልጅ አንድ ስለ ዝንጀሮ የሚናገር ተረት ይዛ ለሳምንታት ከድምፅ ማጉያዋ አጠገብ አልጠፋ አለች። ከጊዜ በኋላ ድምፁ ሳይከፈትላት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወጣችው። አንድ መምህር ይህን አይተው «በቃሏ ሸመደደችው እንጂ አላነበበችም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከገጹ መካከል አንድ ቃል በጣቴ ብነካላት ወዲያው መናገር አልቻለችም፤ ወደ ገጹ ራስ ተመለሰችና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃል በቃል ተቆጥራ ወርዳ ደረሰችበት፤ ከዚያ ጠራችው።

እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ያየሁት ሽምደዳን ብቻ አልነበረም። በቃል የያዘችው ንግግር ከተጻፈው ጋር ቃል በቃል እንደሚገጥም ማወቅ ራሱ የንባብ ደጃፍ ነው። ዳዊት በቃሉ የያዘው ደቀ መዝሙር ሁሉ ያለፈበት ደጃፍ ነው። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ያንኑ ብሞክር ወደ ራስጌ ሳትመለስ ቃሉን በቀጥታ ጠራችው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከቁም ሣጥኑ ሌላ መጽሐፍ አውጥታ «ጋሼ፣ ይኼኛውስ ድምፅ የለውም?» አለችኝ። «ገና አልተቀዳም» አልኋት። ጥቂት ቆማ አሰበችና ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ላይ አኖረች። በዚያ ከሰዓት በኋላ ሁለት ገጽ አነበበች። ዓመቱን መድገም አላስፈለጋትም።

የቁም ሣጥኑም ቁልፍ ቀስ በቀስ ላላ። ርእሰ መምህሩ፣ ሠራተኛዋና አንድ መምህር በጋራ ፈርመው ኀላፊነቱን ስለተካፈሉት ሁለት ታብሌቶች ከካርቶኑ ወጡ። ልጆቹ በመጀመሪያ የፈለጉት ጨዋታውን ነው፤ ይህ አያስደንቅም። ቅጂዎቹንና የገጾቹን ሥዕል ብቻ ከጫንንባቸው በኋላ ግን ታብሌቶቹ ቦታቸውን አወቁ። ስድስቱ ዛሬም በካርቶናቸው ናቸው።

መሣሪያ የማይሠራውንም መናገር ይገባል። መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል። ልጁ ጥያቄ ቢኖረው አይመልስለትም። መጽሐፍ በሌለበት ቦታ ድምፅ ብቻውን ቢነገር አድማጭ ያፈራ እንደሆነ እንጂ አንባቢ አያፈራም። የቴክኖሎጂው ሥራ ተሳካ የሚባለውም ልጁ ድምፅ ማጉያውን ትቶ ወደ መስኮቱ ሥር ሲሄድ ነው። ስንት መሣሪያ ተከፋፈለ ተብሎ የሚቀርበው ዘገባ ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ የሚያሳየው ጠርዙ የተበላ፣ በጣት ብዛት የወዛ መጽሐፍ ነው።

የኪነ ጥበብ ሰዎች ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። በመድረክና በሬዲዮ የሠለጠነ ድምፅ ያላቸው ተዋንያን አሉን፤ ለልጆች የሚጽፉ ደራስያንና የሚስሉ ሠዓልያንም አሉን። አንድ ተዋናይ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚቀዳው ተረት በብዙ ትምህርት ቤቶች ሊደመጥ ይችላል፤ በየቋንቋው ቢሆን ደግሞ ምንኛ በበጀ። ደራሲው ለልጆች ከጻፈው አንዱን እንኳ ያለ ክፍያ እንዲባዛ ቢፈቅድ፣ ያንን ተረት አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ቤተ መጻሕፍት ሃያ ቅጂ ይኖረዋል። የትምህርት አስተዳዳሪዎችም መጽሐፍን ከወንበርና ከጠረጴዛ ለይተው ቢመዘግቡት ይበጃል፤ ወንበር ሲሰበር ኪሳራ ነው፤ መጽሐፍ በልጆች እጅ ሲያረጅ ግን ሥራውን ፈጽሟል።

«ነበበ» ተናገረ ማለት ነው ብለናል። ለልጆቻችን የምናቆመው ቤተ መጻሕፍት ቢያንስ በከፊሉ የሚናገር ይሁን፤ ጸጥታው ልጁ ማንበብ ሲጀምር በራሱ ጊዜ ይመጣል።