ተንሸራተተችብኝ

መኪናዬ ማጉረምረም የጀመረችው በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትደርስ ከኋላ በቀኝ በኩል የንብ ቀፎ ድምፅ ይጀምራታል፤ 60 ላይ የተነካ ቀፎ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ እኔም እሷም ዕድሜያችን አይፈቅድልንም። መቼም የአዲስ አበባ ሰው መኪናው ስትታመምበት የሚከስሰው መንገዱን ነው። እኔም ሳላጣራ መንገዱን ከሰስኩ። ክረምቱ ቆፈረ፣ ውሃው ጉድጓዱን ሸፈነ፣ እኔ ገባሁበት፣ አለቀ። የጎማዎቹን አላይመንት አሠርቼ፣ ገንዘቤን ከፍዬ ወጣሁ። ንቦቹም አብረውኝ ወጡ።

መኪናዬ ዲኤክስ ናት። የማያውቃት ካለ፣ ቶዮታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ለገበያ ያወጣት አራተኛዋ የኮሮላ ትውልድ ናት፤ ሞተሯ 1.3 ሊትር፣ የሚገፏት የኋላ ጎማዎቿ። በ1993 ዓ.ም.፣ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ በዕቁብ ገዛኋት። ያኔ «ይችን ሦስት ዓመት ልንዳና የተሻለ እገዛለሁ» ብዬ ነበር። ይኸው 24 ዓመት ሞላኝ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት «የተሻለ» የሚለውን ቃል የሚያነሳ የለም። በሳምንት ሁለት ቀን ባለቤቴን ለጉልበቷ ሕክምና የምታመላልሰው ይህችው ዲኤክስ ናት። እሷ ከቆመች የሁለታችንም እግር ቆመ ማለት ነው።

ስለዚህ የመስከረም ወር እንደገባ ወደ መካኒኬ ሄድኩ። ልጄም አብሮኝ ነበር፤ 22 ዓመቱ ነው፣ ምሕንድስና ይማራል። አሁን ሳስበው አብሮኝ ለመሄድ አልቸኮለም ነበር። መካኒኬ መኪናዋን በክሪክ አነሳና የኋላውን ቀኝ ጎማ በእጁ አሽከረከረው። ቸርኬው እንደ ሰከረ ሰው ወዲህ ወዲያ እያለ ዞረ። ሰውዬው ጎማውን አቆመና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ልጄ ተመለከተ።

«መምህር፣ ይሄ የጉድጓድ ሥራ አይደለም። ጉድጓድ ከታች ወደ ላይ ነው የሚመታው። ይቺ የተመታችው በጎኗ ነው። ማን ነው የሚነዳት?»

ዝም ተባለ። ከዚያ ልጄ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«አባዬ... ተንሸራተተችብኝ» አለ።

እዚህ ላይ የቀድሞ ሙያዬ ትንሽ ይፈታተነኛልና ታገሡኝ። «ብኝ» የምትባለዋ የአማርኛ ቅጥያ ጠበቃ ናት። ብርጭቆው ተሰበረብኝ፣ ገንዘቡ አለቀብኝ፣ ሰዓቱ ሄደብኝ እንላለን። ሰባሪ የለ፣ ጨራሽ የለ፣ አርፋጅ የለ፤ ሁላችንም ተበዳይ ሆነን ቁጭ። ተማሪዎቼ ፈተና «ወደቀብኝ» አይሉም እንጂ ቢችሉ ኖሮ ይሉ ነበር። ልጄም ያንን ሁሉ ቸርኬ ያጣመመ ሰው ሳይሆን መኪናዋ ያጠቃችው ሰው ሆኖ ቀረበ።

«ተንሸራተተች ወይስ አንሸራተትካት?» አልኩት።

«አንሸራተትኳት» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ላይ፣ እሑድ እሑድ፣ እኔ «ጓደኞቼ ጋ ለጥናት ልሂድ» ሲለኝ ቁልፉን የምሰጠው ልጅ የሚሄደው ወደ አንድ ትልቅ ሕንፃ የመኪና ማቆሚያ ኖሯል። እሑድ ባዶ ነው፤ አስፋልቱ ሰፊ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ ይተኛበታል። እዚያ መሪውን ጠምዝዞ፣ ቤንዚን ረግጦ፣ የመኪናዋን ኋላ ወደ ጎን ያስኬዳታል። ጓደኞቹ በስልክ ይቀርጹታል። «ድሪፍት» ይሉታል። «ቶኪዮ ድሪፍት» የተባለውን የ2006 የአሜሪካ ፊልም በስልኩ ስንት ጊዜ እንዳየው እሱ ይወቅ።

እንዲያው ተናድጄም ቢሆን አንድ ነገር ሳላደንቅ አላለፍኩም። ይህ ጨዋታ የተወለደው ጃፓን ነው። እንደ አውሮፓውያኑ በ1970ዎቹ ኩኒሚትሱ ታካሃሺ የተባለ የመኪና ተወዳዳሪ ኩርባውን በመንሸራተት ሲያልፍ ሰው ጉድ አለ፤ ኬይቺ ጹቺያ የተባለው ደግሞ ያንን ወደ ተራራ መንገዶች ወስዶ ስም አተረፈበት። ጹቺያን ያስጠራችው መኪና ከ1983 እስከ 1987 የተመረተች፣ በኋላ ጎማ የምትገፋ ኮሮላ ናት። የእኔ ዲኤክስ የቅርብ ዘመድ መሆኗ ነው! ልጄ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ በራ። 24 ዓመት ሙሉ የነዳኋትን መኪና ዘር የነገረኝ እሱ ነው። ለካ እኔ የማውቀው ቦሎዋን ብቻ ኖሯል።

«ደግሞ ውሃ ላይ መኪና አይጎዳም አባዬ። በደረቅ ላይ ነው የሚጎዳው። አጥንቼዋለሁ» አለ።

መካኒኬን ተመለከትኩት። ፍርዱን ስጥልኝ ማለቴ ነው። ሰውዬው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየና የጠበቅሁትን ሳይሆን፣

«ልጁ ሐሰት አልተናገረም» አለኝ።

ለካስ ነገሩ የሚገባ ነው። ደረቅ አስፋልት ጎማን አጥብቆ ይይዛል። የእኔዋ 1.3 ሊትር ሞተር፣ ያውም በዚህ ዕድሜዋ፣ ደረቅ ላይ የኋላ ጎማዋን በጋዝ ብቻ አታስለቅቅም። ቢሞከር እንኳ ጭንቁን የሚችሉት ፍሪሲዮኑ፣ ክሮቸራውና ዲፈረንሻሉ ናቸው፤ ጎማውም እንደ ላጲስ ያልቃል። እርጥብ ላይ ግን ጎማው ቶሎ እጅ ይሰጣል፤ ባለበት ይዞራል፤ ውሃው ያቀዘቅዘዋል። ብረቱ ላይ የሚደርሰው ጫና ያንሳል። ልጄ ክረምት የሚጠብቀው ለዚህ ነው። የመኪናዋን ጉልበት የሚሞላለት ዝናቡ ነው።

«ግን» አለ መካኒኬ። ያቺን «ግን» ስጠብቃት ነበር።

ግን ማቆሚያ ቦታ ሁሉ እኩል አይረጥብም። ዛፍ ሥር፣ በረንዳ ሥር፣ መኪና ቆሞ የነበረበት ቦታ ደረቅ ነው። ውሃ ላይ በፍጥነት እየዞረ ያለ ጎማ ድንገት ደረቁን ሲነካ በቅጽበት ይያዛል፤ ያ ሁሉ ሽክርክሪት መሄጃ ያጣና በዲፈረንሻሉ ጥርሶችና ጎማውን በሚያዞረው ብረት ላይ ይመለሳል። «ብረት እየዞረ አይሰበርም መምህር፤ ሲያዝ ነው የሚሰበረው» አለኝ። ደግሞ ውሃ ላይ ብዙ ጊዜ አንደኛው ጎማ ብቻውን ነው የሚከንፈው፤ ያን ጊዜ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ጥርሶች ከአቅማቸው በላይ ይሽከረከራሉ። ዘይታቸው አርጅቶ ከሆነ ይበላላሉ። የእጅ ፍሬኑ ሽቦም አለ፤ ልጄ «አንድ ሁለት ጊዜ ስቤዋለሁ» ያለው። ለካ እኔ ዳገት ላይ ስቆም ወደ ኋላ እየሸሸች ስታስደነግጠኝ የከረመችው በዚያ ነው!

ቪትዝና ያሪስ ያላችሁ እንዳትዝናኑ። የእናንተ የሚጎተቱት በፊት ጎማ ስለሆነ ልጆቻችሁ ኋላዋን ለማንሸራተት ያላቸው ዋና ዘዴ የእጅ ፍሬኑ ነው።

መካኒኬ በዚህ አላበቃም። ኮፈኑን ከፈተና የሞተር ዘይት መለኪያውን መዝዞ አሳየኝ። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነበር። መኪና በጎን ስትወረወር ዘይቱም በጎን ይሸሻል፤ መጠኑ ካነሰ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ብሮንዚናው በደረቁ ይፋጫል። «ይሄስ የልጁ ነው?» አለኝ መካኒኬ። ልጄ ጣራውን ተመለከተ። ዘይት የማየት ሥራ የእኔ ነው፤ ከሐምሌ ጀምሮ «ነገ አየዋለሁ» እያልኩ ነበር። «ዘይቱ ጎደለብኝ» ልል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ዞሮ ዞሮ ቸርኬውን ያጣመመው ይህ ሁሉ አይደለም። ያጣመመው ጠርዝ ነው። ጎማ የተሠራው ከላይ የሚጫነውን ክብደት እንዲሸከም ነው፤ እየተንሸራተተ ሄዶ በጎኑ ከድንጋይ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ምቱን የሚቀበለው ቸርኬው ነው፣ ቀጥሎ ኩሽኔታው፣ ቀጥሎ ውስጥ ያለው ብረት። ለዚህ ደግሞ መብረር አያስፈልግም፤ የሰፈር ውስጥ ፍጥነት ይበቃል። የእኛ ቸርኬና ኩሽኔታ ሄዱ፤ ብረቱ ተረፈ። ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ ቸርኬ ተገኘ፤ ሂሳቡ የዚህን ዓምድ የሦስት ወር ክፍያ በላ። ንቦቹ ጸጥ አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ያንን ጠርዝ ላየው ፈለግሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ልጄን ከጎኔ አስቀምጬ ሄድን። ቦታው እውነትም ባዶ ነው። መሐል ላይ የመብራት ምሰሶ የቆመባት፣ በድንጋይ ጠርዝ የታጠረች ትንሽ ደሴት አለች። አንዱ ድንጋይ ተሸራርፏል፤ የጎማ ጥቁር ምልክትም አለበት። ከአጠገቡ አንድ እግሯ በሽቦ የታሰረ የላስቲክ ወንበር ቆማለች።

ቲኬት የምትቆርጠው ሴት ከወዲያ መጣች። አርባዎቹ ውስጥ ትሆናለች።

«ጋሼ፣ ይቆማሉ?»

«እህቴ፣ ይሄን ድንጋይ ምን መታው?» አልኳት በመስኮት።

«ነሐሴ ላይ በዝናብ መኪና የሚያሽከረክሩ ልጆች ናቸው። እኔ የምውልባት እዚህች ናት። የዚያን ዕለት ዶፉ ሲብስብኝ ወንበሬን ትቼ እዚያ በረንዳው ሥር ሮጥኩ። ስመለስ ወንበሬ እዚያ ማዶ ወድቃለች።»

ወደ ልጄ ዞርኩ። ስለ ወንበር የነገረኝ ነገር አልነበረም።

«አላየሁም፣ አባዬ» አለ በጣም ቀስ ብሎ። «በእናቴ፣ ወንበር መኖሩንም አላየሁም። መስታወቱ በጉም ተሸፍኖ ነበር።»

ሴትየዋ ይህን ሰማች መሰለኝ። በመኪናዋ ዙሪያ ቀስ ብላ ሄደችና ከኋላው ቀኝ ጎማ አጠገብ ቆመች። ሦስቱ ቸርኬዎች ያረጁ ናቸው፤ አራተኛው ቀለሙ ይለያል። ለመቆጣት የምትዘጋጅ መሰለኝና ከመኪናው ለመውረድ በሩን ከፈትኩ። ልጄ ግን ቀድሞኝ ወርዶ፣ አንገቱን ደፍቶ አጠገቧ ቆሟል።

«ይቺ ናት አይደል?» አለችው።

«አዎ፣ እትዬ።»

ጎንበስ ብላ አዲሱን ቸርኬ ነካ ነካ አደረገችው።

«ብዙ ተጎዳች እንዴ?»

ልጄ መልስ አልሰጣትም። ስለ ቸርኬው፣ ስለ ኩሽኔታው፣ ስለ ሂሳቡ የነገርኳት እኔ ነኝ። «እኔን!» አለች፣ ከልቧ ነው። ከዚያ ደረት ኪሷ ውስጥ ያለውን የቲኬት ጥራዝ አውጥታ የታርጋ ቁጥራችንንና ሰዓቱን ጻፈች።