ማረሻ የሚቀድምበት ደጋ፦ የማሻና የመካነ ሰላም ውዳቂ ብረት

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱ፣ በካቤና በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚገባው መንገድ የጭነት መኪናን ይፈትናል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጎጃም፣ ወደ ጉንደወይን ይወጣል። ቁልቁለቱ ፍሬን ይጨርሳል፤ ዳገቱና ጭነቱ ባሌስትራ ይሰብራል። ለሾፌሩ ኪሳራ የሆነው ነገር ለእኛ፣ ለደስታችን ብለን ብረት ለምንሠራ ሰዎች፣ ሲሳይ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ደጋ ብረት የሚመጣው ከመንገዱ ነው።

የመካነ ሰላም ወረዳ ስለሆነው ስለ ወሎው ቦረና የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከደንቆሮ ጫካ፣ ከጭላዳውና ከቀይ ቀበሮው ነው፤ የሚያኮራም ነው። እኔን ይህን ከተማ ያስወደደኝ ግን ጓሮው ነው፤ ከጋራዡ ጀርባ የተከመረው ባሌስትራ፣ ከብየዳ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር የተጠራቀመው ቁርጥራጭ። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ገብቶ የጠፋበትን የሚያገኝ ሰው ብዙ ነው፤ እዚያ የሌለ የብረት ዓይነት የለም። ነገር ግን ምናለሽ ተራ የደረሰ ብረት የቆራሌውን፣ የጫኙን፣ የመኪናውንና የነጋዴውን ሒሳብ ተሸክሞ ነው። መካነ ሰላም ላይ ያው ብረት ገና መንገድ አልጀመረም።

ብየዳ ቤቶቹ በርና መስኮት ሲሠሩ የሚተርፋቸው የላሜራ ጠርዝ፣ የአንግልና የቱቦላሬ ጉማጅ ነው። ስንዝር ተኩል የሆነ አንግል ለበር ሠሪው ጥቅም የለውም፤ ለመቅረዝ፣ ለመደርደሪያ ማዕዘን፣ ለከሰል ምድጃ እግር ግን ይበቃል። ወደ ማታ፣ ሥራው ሲበርድ መሄድ ይሻላል፤ ጠዋት የደንበኛ ሥራ የያዘን ሰው ማስቆም ነውር ነው። ከግንባታ ቦታ የሚወጣው የፌሮ ቁራጭ ደግሞ ስሙን ከመቅደላ የወሰደው ዩኒቨርሲቲ አንዱን ግቢ እዚህ ካደረገ ወዲህ ለከተማው እንግዳ አይደለም። ፌሮ ለማጠፍና ለመበየድ ገር ነው። ስለት ግን አይጠብቁበት፤ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ አግለው ውኃ ቢነክሩትም አይጠነክርም።

ባሌስትራ ሌላ ነው። ከግማሽ በመቶ በላይ ካርቦን ስላለው ግሎ ዘይት ሲነከር ይጠነክራል፤ ቢላዋ፣ መሮ፣ መጥረቢያ ይወጣዋል። ከተነከረ በኋላ እንዳይሰበር እንደገና በቀስታ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ የተፈተገው ገጽ የገለባ መልክ ሲያመጣ ለስለት፣ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ለሚተጣጠፍ ነገር ይሆናል። ግራይንደር ያለው ሰው ከፍንጣሪው ይለያል፦ የፌሮ ፍንጣሪ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፣ የባሌስትራው ግን ጫፉ ላይ ይበተናል።

ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው አንድ አዛውንት ቀጥቃጭ ግራይንደር የላቸውም። ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠትና መዶሻ ብቻ ነው ያላቸው። ብረቱን አንጠልጥለው በመዶሻ ይነኩትና ድምፁን ይሰማሉ፤ ሲጠራጠሩ ጫፉን ሰብረው የስባሪውን ገጽ ያያሉ። ወሬ ይወዳሉ፤ ወናፉን የሚነፋ ልጅ ካገኙ ከሰሉ እስኪያልቅ አያቆሙም።

«አያ፣ ይቺን ባሌስትራ ይሸጡልኛል?» አልኳቸው አንድ ግንቦት።

«አብሽር ልጄ፣ ትደርስሃለች። አሁን ግን የማረሻ ነች» አሉኝ።

የዚህን አገር የብረት ሥርዓት ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ከማሻ ቀበሌም ከሌሎቹም ገበሬው ማረሻውን ይዞ ወደ ቀጥቃጭ ይመጣል። የዶለዶመው ይሳላል፣ ያለቀው በአዲስ ይተካል፣ የላላው ወገል ይጠብቃል። ጥሬ ገንዘብ በእጁ የሌለው ገበሬ ሒሳቡን አዝመራው ሲገባ በእህል ይከፍላል፤ ጤፍ ወይም ገብስ፣ እንደ አገሩ። በዝናቡ ዋዜማ ከተማ ያለ ባሌስትራ ሁሉ ለማረሻ የሚጠበቅ ነው። ለመዝናኛ ብረት የሚሠራ ሰው በግንቦትና በሰኔ የተሻለ ዋጋ ሰጥቶ ባሌስትራውን ቢያነሣ፣ አንድ ጥማድ በሬ ያለማረሻ ሊያውል ይችላል። ገንዘብ ስላለን ብቻ ከማረሻ ፊት መቆም አይገባንም ብዬ አምናለሁ። የእኛ ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው።

ደግሞም ብረቱ ማረሻ ሆኖ አያበቃም። ድንጋያማ መሬት በልቶት ጉማጅ ሲሆን ቀጥቃጩ መልሶ ይረከበዋል። ከጉማጁ ማጭድ ይወጣል፤ ማጭዱ ሲሳሳ ቢላዋ ይሆናል፤ የቢላዋው ስባሪ ወስፌ ሆኖ ስፌት ሰፊዋ እጅ ይገባል። «ብረት መኪና ላይ ሲደክመው እርሻ ይወርዳል፤ እርሻ ሲደክመው ሴቶች ጋ ይጠጋል» ይላሉ አዛውንቱ። እኔ ከሳቸው የምገዛው በዚህ መሀል የሚተርፈውን ነው፦ ለማጭድ ያነሰ፣ ለወስፌ የበዛ ቁራጭ። ለትንሽ መሮና ለእንጨት መፋቂያ ከዚህ የተሻለ ብረት በየትኛውም ሱቅ አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ የሚያውቁ ቀጥቃጮች በገዛ አገራቸው ብዙ ዘመን ተንቀዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አፉ ግን ከአዋጁ በኋላም ቶሎ አልተዘጋም። ማረሻውን ከእጃቸው ተቀብሎ ሲሄድ ከጀርባ የሚያማ ሰው ዛሬም አለ፤ ልቤን ያቃጥለኛል።

አዛውንቱ የሚኮሩበት አንድ ያልተነካ ብረት አለ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ መንገዱ እየተጠረገ፣ ሠራዊቱ እየጎተተ። እንግሊዞች በሚያዝያ አምባውን ሲይዙ ያገኟቸውን መድፎች ሰባበሩ፤ ሴባስቶፖል ግን እዚያው ቀረ። ነሐስ ነው እንጂ ብረት አይደለም ብላቸውም አይሰሙኝም። «እኛ ወሎዎች ሁሉን ብረት ቆራርጠን ማረሻ ስናደርግ፣ ያንን ግን አልነካነውም» ይላሉ። ሰሜን ምሥራቅ ማዶ ያለው አምባ የሌላ ወረዳ ቢሆንም፣ በአዛውንቱ አነጋገር የራሳቸው ጓሮ ይመስላል፤ እኔም አላርማቸውም።

ከጋራዥ የሚገኘው ሌላው ነገር በአጭሩ፦ ቸርኬ የምድጃ ገላ ይሆናል፤ የኩሽኔታ ቀለበት ጠንካራ ስለሆነ ለጀማሪ እጅ አስቸጋሪ ነው፤ የተሰበረ አክስል ግንድ ላይ ቆሞ ቢተከል ጥሩ መስፍ ይወጣዋል። ቆራሌው ኩንታሉን ሞልቶ ወደ ደሴ ከመጫኑ በፊት መድረስ ዋጋ ያስቀንሳል፤ እሱም ከመኪና ኪራይ ይድናል፣ እኛም መርጠን እንወስዳለን።

ሦስት ነገር ግን በነፃ ቢሰጥም አልወስድም። ዚንክ የተቀባ ቱቦና ቆርቆሮ እሳት ሲነካው የሚያወጣው ነጭ ጭስ ብርድ ብርድ እያሰኘ ያስተኛል። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት በብየዳ ፍንጣሪ ይፈነዳል። ሦስተኛው የጥይት፣ የመድፍ ወይም የሞርታር ዘር የሆነ ማንኛውም ነገር ነው። ጦርነት ባለፈበት አገር የዝገት ክምር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መገኘቱ የታወቀ ነው፤ ከብረት ጋር ኪሎ አስመዝነው የሚያመጡ ልጆችም አሉ። ሳይነኩ፣ ሳያንቀሳቅሱ፣ ልጆቹን አርቆ ለፖሊስ መንገር ነው። አዛውንቱም ቢሆኑ ክምሩን ከማገላበጣቸው በፊት መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህንን ነው።