የሌሊቱ ደወል

የሌሊት ተራ የሠራች ነርስ ሁለት ዓይነት ጥበቃ ታውቃለች። አንደኛው ሰዓቱ ሲደርስ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ማየት ነው፤ ሁለተኛው ደወል ሲጮህ የያዙትን ትቶ መሄድ ነው። ዙሩ ብቻውን አይበቃም። ሕመም የነርሷን ሰዓት ጠብቆ አይመጣም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ይህንኑ ነገር ተክለ ሃይማኖት፣ ቤቴ ውስጥ አገኘሁት። ባለቤቴ ስትሮክ ካገኘው ወዲህ ድምፁ ደክሟል፤ ሌሊት ቢጣራ ከሌላ ክፍል አይሰማም። 11ኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጃችን አርዱይኖ ኡኖ በምትባል መዳፍ በምታህል ሰሌዳ የመጥሪያ ደወል ሠራችለት።

የመጀመሪያው ፕሮግራሟ እንደ ዙር ነበር። ቁልፉ ተጭኖ እንደሆነ ያያል፣ መብራት እያበራና እያጠፋ 2 ሰከንድ ይቆያል፣ ተመልሶ ያያል። የባለቤቴ ጣት ግን ነካ አድርጎ ይለቃል። ሦስት ጊዜ ተጭኖ አንዴም ሳይጮህ ቀረ። «ተማምነንበት የምንተኛው ደወል ዝም ካለ፣ ባይኖር ይሻላል» አልኳት።

«እንግዲያው ኢንተራፕት ያስፈልገዋል፣ እማማ» አለችኝ። ማቋረጫ ማለቷ ነው። በኡኖ ላይ ለዚህ የተመደቡት 2 እና 3 ቁጥር ፒኖች ናቸው። ቁልፉን በ2 ቁጥርና በግራውንድ መካከል አገናኘችው። ካልተነካ የቺፑ የውስጥ ሬዚስተር ፒኑን 5 ቮልት ላይ ይይዘዋል፤ ሲጫን ወደ ዜሮ ይወርዳል። መውረዱን ቺፑ ራሱ ይይዛል፤ ፕሮግራሙን አቋርጦ ለጥሪው የተጻፈችውን ትእዛዝ ይፈጽምና ካቆመበት ይቀጥላል።

ትእዛዟ አጭር መሆን አለባት። እሷ ስትሠራ ሌሎች ጥሪዎች ይጠብቃሉ፤ የሚሊሰከንድ ቆጣሪውም አይራመድም። ስለዚህ «ተጠርቷል» የሚል ምልክት ብቻ ታስቀምጣለች፤ ደወሉን የሚያስጮኸው ዋናው ፕሮግራም ነው። ምልክቱም «ቮላታይል» ተብሎ ይመዘገባል፤ አለዚያ ፕሮግራሙ አሮጌውን ዋጋ ይዞ ሊቀር ይችላል።

የቁልፉ ብረት ሲነካካ ስለሚነጥር አንዱ መጫን እንደ ብዙ ይቆጠር ነበር። በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ የሚደጋገመውን እንዲተው አደረገችው። መብራት ሲጠፋም እንዳይቆም በባትሪ ይሠራል።

ቤታችሁ ታማሚና ኤሌክትሮኒክስ የሚወድ ልጅ ካሉ አገናኟቸው። ደወሉን ግን ማታ ማታ የሚሞክረው ታማሚው ራሱ ይሁን፤ በጤነኛ ጣት መሞከሩ ለደካማ ጣት ዋስትና አይሆንም። ሲጮህ የሚነሳው ማን እንደሆነም አስቀድማችሁ ተስማሙ።