የእናቶቻችን የደም ቅባትና የጠዋት እርምጃችን



በሰፈራችን ሴት ልጅ ክብደት ስትጨምር «ተመችቷታል» ይባልላታል። ለእረፍት ቤት ስንገባ ጎረቤት መጀመሪያ የሚያየው ጉንጫችንን ነው። ሞላ ካለ «ማሻ አላህ»፣ ከሳ ካለ ደግሞ «ግቢው ምን አደረገሽ?» ይመጣል። እኛ ከጀሞ፣ ከለቡና ከመካኒሳ የምንመላለስ እህቶች ይህን እየሰማን ነው ያደግነው። ውፍረት የምቾት ምልክት እንጂ የሐኪም ጉዳይ ተደርጎ አይታይም።

ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከልክ ያለፈ ክብደት የነበራቸው ከመቶ 3 ገደማ ነበሩ። በ2016 ወደ 8 ደርሰዋል፤ በከተማ ደግሞ 21። በ2015 የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ከመቶ 69 ያህሉ አዋቂዎች «ጥሩው» የሚባለው ኮሌስትሮል ዝቅ ያለባቸው ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ቀጫጮችም ብዙ እንዳሉ ልብ በሉ።

የአንዷ ጓደኛችን እናት የደም ምርመራ አድርገው ውጤቱን ይዘው ሲመጡ ወረቀቱን ያነበብንላቸው እኛ ነን። አራት መስመር አለው፤ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ ኤችዲኤልና ትራይግሊሰራይድ። ኤልዲኤል ሲበዛ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ቅባት ይከማቻል። ኤችዲኤል ትርፉን ወደ ጉበት ይመልሳል። ትራይግሊሰራይድ ማለት በደም ውስጥ የሚዞር፣ ለጡንቻ ማገዶ የሚሆን ስብ ነው። ከ150 በታች መሆን ሲገባው የእሳቸው ከ200 በላይ ነበር። ለሴት ከ50 በላይ እንዲሆን የሚፈለገው ኤችዲኤላቸውም አልሞላም። ሐኪማቸው «በሳምንት አምስት ቀን፣ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ» አሏቸው።

ከሱብሒ በኋላ ጎህ ሲቀድ አብረናቸው መውጣት ጀመርን። ከሦስት ወር በኋላ ሚዛን ላይ ሲወጡ የቀነሱት አንድ ኪሎ ብቻ ሆነ። «ለዚህ ነው እንዴ ይህን ያህል የለፋሁት?» ብለው ሊተዉት ነበር። የሁለተኛው ምርመራ ውጤት ሲመጣ ግን ትራይግሊሰራይዳቸው በደንብ ወርዷል።

ብዙዎች የማያውቁት ይህንን ነው። በጡንቻ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ሥራው በደም የሚያልፈውን ትራይግሊሰራይድ ሰባብሮ ለጡንቻው ማቀበል ነው። ልብንና ትንፋሽን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ስናደርግ፣ ማለትም ኤሮቢክ የሚባለውን፣ ይህ ኢንዛይም ይበረታል። ለብዙ ሰዓት ስንቀመጥ ይደክማል። ኪሎ ባይቀንስም ሥራውን ይሠራል። ታዲያ የአንድ ቀን እርምጃ ውጤት ከአንድ ሁለት ቀን ብዙም አይዘልም፤ እሑድ ብቻ ሦስት ሰዓት መራመድ የማይበቃው ለዚህ ነው። ቢያንስም የሚዘወተር ሥራ ያለውን ደረጃ ከሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ኤችዲኤል የሚጨምረው በጥቂቱና ቀስ ብሎ ነው። ኤልዲኤልን ደግሞ እርምጃ ብቻውን ብዙ አይነቀንቀውም፤ የእሱ ጉዳይ ያለው ኩሽና ውስጥ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። በረመዳን ሳምቡሳው የሚጠበስበት ምን እንደሆነ ማየት ነው። ፈሳሹ ዘይት ውድ መሆኑን አንክድም፤ ቢያንስ መጠኑን መቀነስ ይቻላል።

እናቶቻችን «ሴት ልጅ በአደባባይ!» ሲሉን የምንነግራቸው ታሪክ አለን። በሱነን አቢ ዳውድ እንደተዘገበው፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በጉዞ ላይ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሮጠው ቀደሟቸው። በኋላ ሥጋ ሲለብሱ ደግመው ሮጡ፤ በዚህኛው ነቢዩ ቀደሙ፣ ይህ በዚያኛው ምትክ ነው አሏቸው። ስለ ክብደቱ ምንም ወቀሳ የለም። ሁለቱም ጊዜ ሮጠዋል፣ በቃ። የአዳማ ተወላጇ ሲፋን ሐሰን በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶንን ለኔዘርላንድስ አሸንፋ ሜዳሊያዋን ሒጃብ ለብሳ ስትቀበልም አይተናል።

እውነቱን ለመናገር እህቶችን የሚያስቀራቸው ሒጃቡ አይደለም፤ ለከፋው ነው። በጂልባብ ፈጠን ብላ የምትራመድ ወፍራም ሴት ስታልፍ የሚወረወረውን ቃል ወንድሞች ትሰሙታላችሁ። አብረዋችሁ የቆሙት ሲናገሩ ዝም አትበሉ። ጂም የሴቶች ሰዓት ቢኖረውም ዋጋው ለተማሪ አይቀመስም፤ ለእናቶቻችንማ የማይታሰብ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወሩ መጨረሻ እሑድ አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና ሲዘጉ ብዙ ሴቶች የወጡት ቦታ ስላገኙ ይመስለናል።

መውጣት የማይሆንላት እናት የኮንዶሚኒየም ደረጃ አላት። አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ መውረድ ማንም ሳያያት ልቧን ያሠራል፤ ጉልበቷን የሚያማት ከሆነ ግን ሜዳ ላይ መራመዱ ይሻላል። ፍጥነቱን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም፤ ማውራት እየቻላችሁ መንዙማ ለማዜም ትንፋሽ ካጠራችሁ ልኩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል፤ በአሥር ደቂቃ የጀመረችም ጀምራለች። ደረቷን የሚወጋት፣ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ግን አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ፤ የኮሌስትሮል ኪኒን የታዘዘላትም መራመድ ጀመርኩ ብላ አታቁም።

እኛ አሁን ሰባት ነን፤ ሦስቱ እናቶች ናቸው። ከጀሞ አንድ ተነስተን ወደ ለቡ እንሄድና በዚያው እንመለሳለን። እናቶቹ ከፊት ይሆናሉ፤ ፍጥነቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በሰፈሩ ያላችሁ እህቶች እናቶቻችሁን፣ አክስቶቻችሁን ይዛችሁ ተቀላቀሉን። ሶሉ ያላለቀ ጫማ ይበቃል።